ቁጥር ያለው በር

ተማሪዎቿ «ፊውዝ» ይሏታል። ፊት ለፊቷ ግን «ቲቸር» ነው፤ ማን ደፍሮ! ፊውዝ ማለት ያቺ መብራት ሲበዛባት ከሁሉ ቀድማ የምትቃጠለው ቀጭን ሽቦ ናት። ስሙን ያወጣው ልጅ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም እንጂ አፉ ይባረክ፣ አላጋነነም። ሴትዮዋ ትቃጠላለች። ቧንቧ ሳይዘጋ ከተተወ ትቃጠላለች፤ ስብሰባ ሩብ ሰዓት ከዘገየ ትቃጠላለች፤ «ችግር የለም» የሚል ሰው ካጋጠማትማ፣ ኧረ ተዉኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ አጭር፣ ፈርጠም ያለች፣ የጋዋኗ ኪስ በካቻቢቴና በፒንሳ ክብደት የተቀደደ፣ የአንድ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የኤሌክትሮኒክስ መምህርት ናት።

ከሁሉ በላይ ደሟን የሚያፈላው ግን ልብስ የለበሰ ኮምፒውተር ነው።

ምክንያት አላት። እሷ ራሷ ተማሪ በነበረችበት ጊዜ ትምህርት ቤታቸው ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩት። ሁለቱም ዳር ዳሩ ዳንቴል የተሠራለት ነጭ ልብስ ለብሰው በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ክፍሉ በወር አንዴ ሲከፈት ተማሪ ሁሉ ደጃፉ ላይ ጫማውን ያወልቃል። ለምን? ቫይረስ እንዳይገባ! መምህሩ አፉን ሞልቶ «ቫይረስ በጫማ ይገባል» ይል ነበር፤ አርባ ተማሪም በካልሲ ቆሞ አመነው። ከዚያ ልብሱን እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ገለጥ ያደርግና «ይሄ ሞኒተር፣ ይሄ ኪቦርድ» ብሎ መልሶ ይሸፍነዋል። ትየባ የተማሩት ደብተራቸው ላይ በእርሳስ ባሰመሩት ኪቦርድ ነው። አንድ ቀን እሷ አላስችል ብሏት እጇን ሰደድ አድርጋ አንዲት ቁልፍ ነካች። አንዲት! መምህሩ በማስመሪያ ጣቶቿ ላይ አሳረፈባት። ሦስት ዓመት ተምራ፣ በማዕረግ ተመርቃ ስትወጣ ኮምፒውተር የነካችው ያን ቀን ብቻ ነበር፤ ያውም ተመትታበት። ይህን ስታወራ ዛሬም ትቃጠላለች።

ወደዚህ ትምህርት ቤት በመጣች በአራተኛው ዓመት የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ኮምፒውተር ጨሰ። የተቃጠለው ኃይል የሚሰጠው ክፍሉ ብቻ ነው፤ ሌላው አካሉ ደህና ነበር። ወደ ዕቃ ቤት ሊጋዝ ሲል ደርሳ፣ ለምናም ተጨቃጭቃም፣ ለማስተማሪያ አስፈቀደች። ሆዱን ከፍታ ያለውን ሁሉ አወጣች። ባዶውን የቆርቆሮ ሳጥን ግን የንብረት ክፍሉ ኃላፊ መልሰው ወሰዱት፤ የንብረት ቁጥሩ በቀይ ቀለም የተጻፈው ሳጥኑ ላይ ነዋ። እሳቸው የሚያውቁት ቁጥሩን ነው። መዝገቡ ላይ «ኮምፒውተር፣ አንድ፣ ደህና» ይላል። ባዶው ሳጥን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ እየተቆጠረ «ደህና» ሲባል ኖረ። ወይ ደህንነት!

እኚህ ሰው ትምህርት ቤት ውስጥ «ጋሼ መዝገብ» ነው የሚባሉት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ያንን ወፍራም መዝገብ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው የሚዞሩ ናቸው። ፊውዝ ከእሳቸው ጋር ስትጣላ የሚያናድዳት አንድ ነገር አለ፤ ታላቋ ስለሆኑ «ጋሼ» እያለች ነው የምትጣላው። ጋሼ እያሉ ሰውን መስደብ እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

እሺ፣ ያወጣችውን ዕቃ ምን ላይ ትዘርጋው? ሰሌዳ ጠየቀች፤ የለም። ጠረጴዛ ጠየቀች፤ በጀት የለም። በዚያ ሰሞን የተማሪዎች ሽንት ቤት ይታደስ ስለነበር ከሦስተኛው ክፍል የተነቀለ የእንጨት በር ግድግዳ ተደግፎ አየች። ማንንም አልጠየቀችም። ተሸክማ አስገብታ ሁለት አግዳሚ ወንበር ላይ አጋደመችው። የኮምፒውተርን ታሪክ ከእግር እስከ ራሱ የሠራችው እዚያ በር ላይ ነው።

በግራ በኩል፣ ከድሮ የስልክ ማዞሪያ የተነቀሉ ሪሌዮች፣ በኤሌክትሪክ የሚሳቡ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ አሉ። ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ትንንሽ አምፖል። አንዱን ቁልፍ ስትጫኑ ሪሌዩ ቀጭ ይልና የቀኙ አምፖል ይበራል፤ ሁለቱንም ስትጫኑ ቀጭ ቀጭ ብሎ የቀኙ ጠፍቶ የግራው ይበራል። በኮምፒውተር አቆጣጠር የግራው አምፖል ሁለት ነው፤ አንድና አንድ ተደመረ ማለት ነው። ቀጥሎ ከትልቅ ሬዲዮ የወጡ፣ የብርጭቆ አምፖል የሚመስሉ ቫልቮች፤ ያው ሁለት ቁልፍ፣ ያው ሁለት አምፖል፣ ግን ቫልቮቹ እስኪሞቁ ልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እስከ ሃምሳ ይቆጥራሉ። ቀጥሎ ከተሰበሩ ቴፖች የለቀመቻቸው ትራንዚስተሮች፤ እዚህ ሙቀት የለም፣ መጠበቅ የለም። ቀጥሎ የጥፍር ግማሽ የምታህል ቺፕ፤ ያንኑ ሥራ ትሠራለች። በመጨረሻ፣ የበሩ እጀታ በነበረበት በኩል፣ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ማዘርቦርድ፣ ዋናው ሰሌዳው፣ ተዘርግቶ በሌላ ኃይል ሰጪ እየሠራ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። «አንድና አንድ ለመደመር ሰው ስንት ጊዜ እንደለፋ እዩ!» ትላለች፣ እየተቆጣች። ስትደሰትም የምትቆጣ ሴት ናት።

የመጀመሪያ ቀን ትምህርቷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጫማችሁን እንዳደረጋችሁ ግቡ። ንኩ። የሚሰበር ከሆነ እኔ እጠግነዋለሁ።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጆች ነኩት። ሰበሩት፣ ጠገነችው። በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ያለ ፈቃድ እጁን የሚያሳርፍበት አንድ ነገር ቢኖር ያ በር ነበር።

አንድ ሰው ብቻ አይነካም፤ ጋሼ መዝገብ። ገና ደጃፉ ላይ ሲታዩ «እዚያው ይቁሙ ጋሼ! እንዳይነኩ!» ትጮሃለች። የነኩት ሁሉ ቁጥር ተጽፎበት ዕቃ ቤት ይገባላ! እሳቸውም ደጃፉ ላይ ቆመው አንገታቸውን አስግገው፣ ዓይናቸውን በዕቃው ላይ አንከራትተው ይመለሳሉ።

እንግዲህ ዘንድሮ አርባ አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡ። ፊውዝ ቀኑን ሙሉ ስትዘል ዋለች። ይኸው ሁለት ወር ሆናቸው፣ ላስቲካቸው እንኳን አልተቀደደም። «አዲሱ የኮምፒውተር ክፍል ዓርብ በእንግዶች ይመረቃል፤ እስከዚያ ማንም እንዳይገባ» ተባለ። ከምረቃው በኋላስ? «ቁልፉ ንብረት ክፍል ይሆናል፤ በማመልከቻ ይከፈታል።» ያን ጊዜ ነው ጥርሷን መንከስ የጀመረችው።

ለእንግዶቹ ግቢው ሲጸዳ ሽንት ቤቱም ታየ። ሦስተኛው ክፍል በር የለውም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨርቅ ተጋርዶበት ነው የኖረው። ጋሼ መዝገብ የድሮ መዝገብ አገላበጡ፤ «በር፣ እንጨት፣ አንድ» ከነቁጥሩ አለ። የት ሄደ? ረቡዕ ዕለት እንደ ልማዳቸው የፊውዝ ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሙ። የወደቀ እስክሪብቶ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ በሩን ከሥሩ አዩት። ቀይ ቁጥር!

«መምህርት፣ ይሄ እኮ በር ነው» አሉ።

«አሁን ነው ያወቁት?»

«በር ከሆነ ወደ ቦታው ይመለሳል። ላዩ ላይ ያለው ዕቃ ቁጥር ስለሌለው ልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ተብሎ ይወገዳል።»

ፊውዝ እየበረረች ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች፤ ጋሼ መዝገብም ተከተሏት። ዳይሬክተሩ የሚጣሉ ሰዎችን «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» እያለ የሚኖር ሰው ነው።

«እህቴ፣ ተረጋጊ» አላት።

«አልረጋጋም! ታሪኩን ለሽንት ቤት ልትሰጡት ነው?»

«አዲሱ ክፍል ትልቅ ስክሪን አለው። የኮምፒውተር ታሪክን በቪዲዮ ታሳያቸዋለሽ፤ እንዲያውም ያምራል።»

«ቪዲዮ ይነካል?» ጠረጴዛውን መታችው፤ ማኅተሙ ተንከባለለ። «መልስልኛ! ቪዲዮ ይፈታል? ቪዲዮ ተበላሽቶ ይጠገናል? አርባውን ቆለፍክባቸው፣ ዝም አልኩ። አንዱን ተውላቸው!»

ዳይሬክተሩ ወደ ጋሼ መዝገብ ዞሮ «በር ነው ወይስ ማስተማሪያ?» አለ። «መዝገቡ በር ይላል» አሉ። «እንግዲህ መዝገቡ በር ካለ…» ብሎ እጆቹን ዘረጋ። አለቀ።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፣ ቀልደኛ ነው። «ለሽንት ቤት በር ልትታሰሪ ነው?» ብሎ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠና «አናጢው ጎረቤት አዲስ በር አለው» አለ። በማግስቱ አዲስ በር በጋሪ አስጭና መጣች። ከአሮጌው ይሻላል፤ ቀለሙ እንኳን ገና ይሸታል። ጋሼ መዝገብ ዞር ዞር ብለው አዩትና «የመረከቢያ ቅጽ አለው?» አሉ። የለውም። «ቅጽ የሌለው ዕቃ አልረከብም።» «በነጻ ነው የምሰጠው!» «በነጻ የመጣውማ ጭራሽ ቅጽ ይበዛዋል» አሉ፤ እየቀለዱም አልነበረም። ፊውዝ ያን ቀን የተናገረችውን እዚህ መጻፍ ነውር ነው። «ጋሼ» የሚለው ቃል ግን መሀል መሀሉ ላይ ነበረበት።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስትደርስ ክፍሏ ክፍት ነው። ሁለቱ አግዳሚ ወንበሮች ባዶአቸውን ቆመዋል። በሩ የለም፤ ሪሌዩ፣ ቫልቩ፣ ስክሪኑ፣ ምንም የለም። ወለሉ ላይ አንዲት ብሎን ቀርታለች። አነሳቻትና ጥበቃውን ፍለጋ ወጣች።

«ጋሼ መዝገብ ናቸው» አላት ጥበቃው። «ከሁለት የጉልበት ሠራተኛ ጋር ሊነጋጋ ሲል መጡ። ቲቸር ሙች፣ ጫማቸውን ሁሉ አውልቀው ነው የገቡት። ሠራተኞቹንም አስወልቀዋቸዋል።»

«ሌባ ነዋ! ሌባ ድምፁ እንዳይሰማ ጫማውን ያወልቃል!» ብላ ሮጠች። በሩ ሦስተኛው ሽንት ቤት ላይ ተሰቅሏል። መላ አካሉ በብሎንና በሽቦ ቀዳዳ ወንፊት ሆኗል። በእሷ እጅ የተጻፈው «1. ሪሌይ» «2. ቫልቭ» የሚለው ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች እንዳለ አለ። ተማሪዎቿ ተሰብስበው ያያሉ። አንዲት፣ ዓመቱን ሙሉ ከአፏ ቃል ወጥቶ የማያውቅ፣ «ዝምተኛዋ» የሚሏት ልጅ፣ የራስ ጸጉሯን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች። ያ ነው ፊውዝን የጨረሳት።

አራት ሰዓት ላይ እንግዶቹ መጡ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። አርባው ኮምፒውተር ላስቲኩን እንደለበሰ ተደርድሯል። ክፍሉ መግቢያ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ ያ ባዶ የቆርቆሮ ሳጥን ተቀምጧል፤ «የትምህርት ቤታችን የመጀመሪያ ኮምፒውተር» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። የዳይሬክተሩ ሐሳብ ነው።

ትልቁ እንግዳ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ሳቂታ ሰው፣ ሳጥኑን መታ መታ አደረጉና «እስከ ዛሬ ይሠራል?» አሉ።

«ደህና ነው» አሉ ጋሼ መዝገብ መዝገባቸውን ገልጠው። «በየዓመቱ ይቆጠራል። ደህና ነው።»

«ያስነሱት!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ፊውዝ ናት። ዓይኗ ደም ለብሷል። ሰዉን ገፍታ ወጣችና የሳጥኑን ክዳን በእጇ መንጭቃ አነሳችው። ባዶ። ከውስጡ አንድ የደረቀ በረሮ ወደቀ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደህና ሲሆን የኖረው ይሄ ነው! ሆድ ዕቃውን ማየት ይፈልጋሉ? ሽንት ቤት ነው። ይምጡ፣ ላሳይዎት!»

ዳይሬክተሩ ላቡን ጠረገ። ትልቁ እንግዳ ቀልድ መስሏቸው ስቀው ተከተሏት፤ እሳቸው ከሄዱ ማን ይቀራል? ያ ሁሉ ሱፍ ለባሽ ሽንት ቤቱ ፊት ለፊት ተኮለኮለ።

«የኮምፒውተር ታሪክ ይሄ ነው!» አለች ፊውዝ፣ የተበሳሳውን በር እያሳየች። ከዚያ በላይ ልትናገር ስትል ንዴቱም ለቅሶውም አንድ ላይ መጣባትና ፊቷን አዞረች።

ያን ጊዜ ዝምተኛዋ ወደ በሩ ሄደች። ጣቷን አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ከተተች። «እዚህ ሪሌይ ነበር» አለች፣ በቀጭን ድምፅ። «ከስልክ ማዞሪያ የመጣ ነው። ቁልፉን ስንጫን…»

«ቀጭ!» አለ ከኋላዋ የክፍሉ ተማሪ ሁሉ፣ በአፉ።

«ሁለቱንም ስንጫን…»

«ቀጭ ቀጭ!»

«እዚህ ደግሞ ቫልቮቹ ነበሩ። እስኪሞቁ ይቆያሉ።» ልጆቹ መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እስከ ሃምሳ ድረስ፣ አንዲት ቁጥር ሳይዘሉ። ትልቁ እንግዳ ሽንት ቤት በር ላይ ቆመው ጠበቁ፤ ምን ያድርጉ? ልጅቷ እያንዳንዱ ቀዳዳ ምን እንደነበረበት፣ ለምን እንደተፈጠረ፣ የቀደመው ምን አስቸግሮ የሚቀጥለው እንደመጣ ተናግራ እስከ መጨረሻው ሄደች። የመጨረሻው ቀዳዳ ጋ «እዚህ ሰረዝ ነበረች፤ ብልጭ ትላለች» ብላ አበቃች።

ትልቁ እንግዳ ወደ ጋሼ መዝገብ ዞሩ። «እርስዎ ነዎት የነቀሉት? ምን ምን ነበር?»

ጋሼ መዝገብ መዝገባቸውን ገለጡ። ጣታቸው መስመሩ ላይ ወረደ። «ልዩ ልዩ» አሉ። አንድ ተማሪ ሳቀ።

«በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» አሉ እንግዳው፤ አጨበጨቡ፤ ፎቶ ተነሱ፤ ሄዱ። ነገር ዓለሙ ይኸው ነው። የተለወጠ የለም። አርባው ኮምፒውተር ከሰዓት በፊት ተቆለፈ። ፊውዝ «እንግዳ ፊት ትምህርት ቤቱን በማዋረድ» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ እዚያው ቀዳደደችው። ባዶ ክፍሏ ገብታ ባዶው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሰኞ ምን ይዛ ትገባለች? እሷም እንደዚያ የድሮ መምህሯ «ይሄ ሞኒተር ነው» ብላ ስዕል ልታሳይ ነው?

አሥር ሰዓት ገደማ ደጃፉ ላይ ጥላ ወደቀ። ጋሼ መዝገብ ናቸው። በሁለት እጃቸው ሁለት ጆንያ ይዘዋል።

«እዚያው ይቁሙ!» አለች፣ ከልማድ።

ቆሙ። ጆንያዎቹን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። «ሊወገድ ነበር» አሉ። «መኪና ላይ አልጫንኩትም። ዕቃው አልተሰበረም፤ አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ።» ወደ አንዱ ጆንያ ጎንበስ አሉ። «ያ… ቀጭ የሚለው የትኛው ነው?»

ፊውዝ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። ሰውዬው በካልሲ ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው፣ ጥንድ አድርገው፣ ግድግዳው ሥር አስቀምጠውታል። የቀኙ ካልሲ ተቀዶ አውራ ጣታቸው ይታያል።

«ጫማዎት ምን ሆኖ ነው?»

«ቫይረስ እንዳይገባባችሁ ነዋ» አሉ፣ ግራ ገብቷቸው። «የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ከመኪና ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ በጀርባዬ። ያኔ እንዳትነካው፣ በጫማም እንዳትገባ ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ የነገረኝ የለም።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ስንቱን ልጅ «ንካ» እያለች ያስገባች ሴት፣ እኚህን ሰው በየዓመቱ ደጃፍ ላይ አቁማ «እንዳይነኩ» ስትል ኖራለች። ያ ማስመሪያ በእሷ እጅ ነበር። ፊቷ ጋለ። በራሷ ተናደደች፤ እንደዚያ ተናድዳ አታውቅም።

«ቫይረስ በጫማ አይገባም!» ብላ ጮኸችባቸው። «ማን ነው ያለዎት! ጫማዎትን ያድርጉና ይግቡ ጋሼ! ይግቡ ስል!»

ገቡ። የጫማቸውን ማሰሪያ እንኳን አላሰሩም። ፊውዝ ከጋዜጣው ውስጥ ሪሌዩን፣ ቁልፉንና አምፖሉን አወጣች፤ ባትሪ አያያዘች፤ አግዳሚው ላይ ፊታቸው አስቀመጠች።

«ይጫኑ።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ?»

ጋሼ መዝገብ መዝገባቸውን ከብብታቸው አውጥተው ወለሉ ላይ አስቀመጡ። አንድ ጣታቸውን ዘርግተው ቁልፉን ተጫኑ። ሪሌዩ ቀጭ አለ፤ አምፖሏ በራች። ሰውዬው ደንግጠው እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁና፣ መመታት እንደሚጠብቅ ልጅ፣ ቀና ብለው የእሷን እጅ አዩ።

«ደግመው ይጫኑ፣ ጋሼ» አለች።